በአንድ ዓይን የተሣለችው እናት

ፊልሙን ያገኘሁት ደንበኛ የመለሰው ስለሆነ ነው። ፒያሳ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፊልምና መዝሙርም በፍላሽ ይጭናል። አንድ ሰው ለልጆቹ ካርቱን አስጭኖ ሄደና በማግሥቱ ተመልሶ፣ «ይሄ ዲዳ ነው» አለን። እውነቱን ነበር። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ድምፁ ግን የለም። ከማን ወደ ማን ሲገለበጥ እንደኖረ የማይታወቅ፣ መንገድ ላይ ምላሱን የጣለ ፊልም። የሱቁ ባለቤት ለሰውየው ሌላ ጫኑለትና «ያንን አጥፊው» አሉኝ። አላጠፋሁትም። እኅቴ ቤት ወሰድኩት።

የምኖረው ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። እሷ ሆስፒታል ነርስ ናት። ባሏ ደባርቅ ስለሚሠራ የሚመጣው በወር አንዴ ሁለቴ ነው። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ የነበረች አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እኅቴ ተረኛ ስትሆን ከሰዓት በኋላ ልጅቱን የምይዛት እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ውጤት ነው ያመጣሁት። የሚያስገባኝ ቢሆን ኖሮ ግጥም እጽፍ እንደነበር እንጃ። አሁን ግን እጽፋለሁ፤ በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ፣ አንዳንዴ በሰው የይዞታ ካርታ ጀርባ ላይ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም አላነበበልኝም። አንድ ጊዜ እዚያው ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ የግጥም ምሽት አለ ሲሉ ሄጄ ስሜን ላስመዘግብ ብል፣ መዝጋቢው ቀና ብሎ ሳያየኝ «የየትኛው ዲፓርትመንት ነሽ?» አለኝ። የየትኛውም አልነበርኩም። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ድምፅ የሌለው ፊልም ሳገኝ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ርስት ነው የተቀበልኩት።

ታሪኩ ከሥዕሉ እንደገባኝ ይህ ነው። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከተራራ ሥር ትኖራለች። ተራራው ላይ ያለው ንጉሥ ደመናዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ግምብ ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ልጅቱ አንድ ጃርት አስከትላ ደመናዎቹን ልታስፈታ ትወጣለች። ከኮምፒውተሩ ፊት የእኅቴን ልጅ ታፋዬ ላይ አስቀምጬ ለሁሉም ድምፅ ሆንኩ። ለንጉሡ ጎረነንኩ፤ ለጃርቱ በአፍንጫዬ ተናገርኩ፤ ለደመናዎቹ አንሾካሾኩ። ስንደጋግመው ንግግሩ ቤት እየመታ ሄደ። በዓመቱ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ግጥም ሆኖ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ከጠረጴዛ አጠገብ ሁልጊዜ በጎኗ ቆማ ሊጥ ታቦካለች። ፊቷ ወደ እኛ ዞሮ አያውቅም፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

አባታችን ኮሶዬ አጠገብ ባለች ትንሽ ደብር ቄስ ናቸው። ልጅ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በመቋሚያቸው እየነኩ ሥዕል ማንበብ አስተምረውኛል፤ ፊደል ሳልቆጥር ሥዕል አነብ ነበር። «ሁለት ዓይኑ የሚታየው የእግዚአብሔር ወገን ነው። በጎኑ የተሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ደግሞ የጠላት ነው» ይሉኝ ነበር። አይሁድም፣ አረመኔውም ንጉሥ፣ ዲያብሎስም ራሱ በጎን ነው የሚሣሉት። ሠዓሊው ለክፉ ሰው ሁለተኛ ዓይን አያባክንለትም።

ስለዚህ ሊጥ የምታቦካውን ሴት እንዳየሁ አላመነታሁም። «እንጀራ እናቷ ናት» አልኳት ለልጅቱ።

«ክፉ ናት?»

«አታያትም? አንድ ዓይን!»

እንጀራ እናት ካለች ደግሞ እናት ሞታለች ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት ይህንኑ አረጋገጠልኝ። አረንጓዴ ቀሚሷ ልጅ ምንጭ ትወርዳለች፤ እንስራ የመሰለ ማሰሮዋን ትሞላለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ አፏን በሰፊው ትከፍትና ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። እኛ አገር ሰው ብቻውን ምንጭ ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ይዞ አፉን ከከፈተ ምን እያደረገ ነው? ሙሾ እያወረደ ነው። እኔም አወረድኩላት፦

እንስራዬ ሞልቷል ውኃውም ይፈሳል፣
እናት የሌላትን ማን ያሸክማታል።

ይህን የጻፍኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። የሞላ እንስራ ብቻዋን የሆነች ሴት ከመሬት አንሥታ ጀርባዋ ላይ አታወጣውም፤ አንሥቶ የሚያሸክማት ሁለተኛ ሰው ትፈልጋለች። የገጠር ልጅ ይህን ያውቃል። እናታችን የሞተችው እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቄስ ደግሞ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባምና እንጀራ እናት በወሬ እንጂ በቤታችን አላውቅም። ግጥሙ የሥዕሏ ልጅ ይሁን የእኔ አልለየሁትም። ልጅቱ ታፋዬ ላይ ሆና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «አክስቴ፣ ድገሚልኝ» አለችኝ።

እነዚያን ሁለት ቃላት ከሰው አፍ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደገምኩላት።

ከዚያ ያው ፊልም በሰው ተሠርቶ መጣ።

ሱቅ ውስጥ ከአዲስ አበባ የሚላከውን የሳምንቱን ጭነት ስገለብጥ ነው ያየሁት። ያው ተራራ፣ ያው ግምብ፣ ያው አረንጓዴ ቀሚስ፤ ቀሚሱ ውስጥ ግን በሕይወት ያለች ልጅ። ፊቷ ላይ ፀሐይ የረጨችው የሚመስል ነጠብጣብ አለ፤ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ቆንጆ ናት። ቀናሁባት። አንዲት ሴት በባሏ ላይ ሌላ ስትመጣባት እንዲህ የሚያደርጋት መሰለኝ። የሥዕሏ ልጅ ጉሮሮ ስላልነበራት የእኔን አውሻት ነበር። ይቺ ግን የራሷ ጉሮሮ አላት፤ ምራቋን ስትውጥ ሁሉ ይታያል።

አላየሁትም። የፊልሙን ስም ቀይሬ «የንብ ማነብ ሥልጠና» አልኩትና ማንም የማይከፍተው ቦታ አስቀመጥኩት። አንዲት እናት መጥታ «ያ ካርቱን በሰው ወጥቷል ይባላል፣ አለሽ?» ስትለኝ፣ «ገና አልመጣም» አልኳት። «ምነው፣ ሁሉም ጋ አለ እኮ» አለች። «እኛ ጋ የለም።»

የልጅቱ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሲዘጋ ወላጆች ይጠራሉ። መምህሯ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር እንዲያቀርብ አዘዘች፤ መዝሙር፣ ግጥም፣ የፈለገውን። ልጅቱ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ እኔ ሮጠች።

«የምንጯን ነው የምለው! ያንን ማን ያሸክማታልን!»

ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የጻፍኩት ነገር ሰው ፊት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። አሁን ወላጆች፣ መምህራን፣ ያ ሁሉ የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሰማው ነው። ዲፓርትመንቴን የሚጠይቅ የለም። ልጅቱን በየቀኑ አለማመድኳት፤ የት እንደምትተነፍስ፣ «ማን» ስትል እንዴት እንደምትቆም። እኔም ምን እንደምለብስ አሰብኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእኅቴ ባል ወንድም መጣ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ስለ እሱ የምጽፈው ሁሉ ቅናት ያለበት ነው። ሲስቅ ከሆዱ ነው። ልጅቱ ሲመጣ በር ላይ ነው የምትንጠለጠልበት። እኔን «ሎሬቷ» ይለኛል፤ ግጥሜን ግን አንድ ቀን አሳዪኝ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ቀን በብብቱ ፕሮጀክተር ይዟል።

«ሎሬቷ፣ መጋረጃውን ዝጊው እስቲ! ዛሬ ሲኒማ ቤት ልንሆን ነው።»

«ምንድነው የምናየው፣ ጋሼ?» አልኩት።

«የእናንተን ካርቱን ነዋ! በሰው ተሠርቷል። አልሰማሽም እንዴ? አንቺ ፊልም ቤት እየሠራሽ?»

ልጅቱ ዞር ብላ አየችኝ። መጋረጃውን ዘጋሁ።

ነጩ ግድግዳ ላይ ተራራው ወጣ። ሲያንጎዳጉድ ወለሉ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ድምፅ ማጉያም ይዞ መጥቷል። እኅቴ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታለች። ልጅቱ ወለሉ ላይ በአጎቷ እግሮች መሐል ተቀመጠች። ከዚያ በፊት ያንን ፊልም ከእኔ ታፋ ሌላ ቦታ ተቀምጣ አይታው አታውቅም።

ጃርቱ ሲመጣ አንገቷን አሰገገች። የዚህኛው ጃርት እያንዳንዱ እሾሁ ይታያል፤ አፍንጫው ርጥብ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው እንደ እውነተኛ ነው።

«አየሽ ቴክኖሎጂ?» አለ አጎቷ። «እሾሁን ብትነኪው የሚወጋሽ አይመስልም?»

«አይስቅም እኮ» አለች።

«ጃርት ምን ብሎ ይስቃል?»

«የሥዕሉ ጃርት ሰው ነበር። ይሄ ጃርት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ በሰው ስለሚሠሩ ካርቱኖች ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሱቃችን ውስጥ ወጣቶቹ የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው። ከዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ የተሻለ ግን አልሰማሁም። በልቤ አጨበጨብኩላት። አጨብጭቤ ሳልጨርስ ሊጥ የምታቦካዋ ሴት መጣች።

ሰው ናት እንግዲህ፤ ሁልጊዜ በጎኗ አትቆምም። ከጠረጴዛው ቀና ብላ ወደ እኛ ዞረች። ሁለት ዓይን። ደግ፣ ድክም ያላቸው፣ ከዳር ዳር የተጨማደዱ ሁለት ዓይኖች። አንድ ነገር ተናገረች።

«‹የኔ ልጅ፣ ዳቦው ሳይቃጠል ተመለሽ› ነው የምትላት» አለ አጎቷ። እንግሊዝኛውን ለእኛ መመለስ ደስ ይለዋል።

«ማን ናት?» አለች ልጅቱ።

«እናቷ ናታ።»

«እንጀራ እናቷ ናት።»

«ኧረ እናቷ ናት። እየሰማሽ፣ ‹እማዬ› ስትላት!»

አረንጓዴ ቀሚሷ ምንጭ ወረደች፤ ማሰሮዋን ሞላች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ አፏን ከፈተች። የወጣው ዘፈን ነው። እስክስታ የሚያስወርድ፣ እግርን መሬት የሚያስመታ ዘፈን። ድምፅዋ ደግሞ ውብ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም፤ ብክድ ደስ ይለኝ ነበር።

አጎቷ ከሆዱ ሳቀ። «ስለ ቁርሷ ነው የምትዘፍነው! ‹ጠዋቱ እንዴት ያምራል፣ ዳቦው እስከዚህ ይሸተኛል፣ ርቦኛል ርቦኛል› ነው የምትለው!»

«ርቧት ነው?» አለች ልጅቱ። አሁን አንገቷን አዙራ የምታየው እኔን ነው። «አክስቴ፣ እያለቀሰች አይደለም እንዴ? እናቷስ አልሞተችም?»

«ማን ነው የገደላት?» አለ አጎቷ እየሳቀ። «ሎሬቷ! እናቷን ገደልሽባት?»

እኅቴም ሳቀች፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። «ምን እያልሽ ነው ለልጄ የምታወሪላት?» አለችኝ። ይህን ጊዜ ልጅቱ ተነሥታ፣ ከፕሮጀክተሩ ብርሃን ፊት ቆመች። ፊቷ ላይ የዚያች ልጅ አረንጓዴ ቀሚስ ይርመሰመሳል። እኔ እንዳለማመድኳት፣ ቦታው ላይ ተንፍሳ፣ ቦታው ላይ ቆማ ሁለቱንም ስንኝ አለቻቸው።

የእኅቴ ሳቅ ከአፏ ጠፋ።

«ይሄን ነው ትምህርት ቤት የምትዪው?»

«አዎ፣ እማዬ። ሸጋ አይደለም?»

እኅቴ እግሯን ከሶፋው አወረደች። የምታየው ልጇን አልነበረም። «እኔ ቆሜ እየሄድኩ ልጄ ሰው ፊት ‹እናት የለኝም› ልትል ነው? ምን ታሟርቺብኛለሽ?»

«ግጥም እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ሟርት ነው። አትልም!» ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ጓዳ ገባች።

አጎቷ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ «ምን ችግር አለ፣ እኔ የቁርሱን ዘፈን በእንግሊዝኛ አስጠናታለሁ። ወላጆቹ ይወዱታል» አለ። ፊልሙ ቀጠለ። ንጉሡ ጎረነነ፤ የእኔን ያህል አልጎረነነም። ደመናዎቹ ግን ሲፈቱ ክፍሉ ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ልጅቱም እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ልትነካ ሄደች።

በማግሥቱ የግቢያችን ቧንቧ ስለደረቀ ሦስታችንም ጀሪካን ይዘን ወደ ቦኖው ወረድን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እኅቴ አላናገረችኝም። የእኔ ጀሪካን ሲሞላ ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ልጠራት አፍሬ ብቻዬን ላነሣው ስታገል ከኋላዬ ብድግ አለልኝ። ክብደቱ ቀስ ብሎ ጀርባዬ ላይ ዐረፈ፤ እጆቿ ግን ከጀሪካኑ ሥር አልወጡም።

«ይኸው» አለችኝ በጆሮዬ። «ማን ያሸክማታል ስትዪ እኔ የት ሄጄ ነው? ኮሶዬ እያለን ከዚያ ምንጭ አንድ ቀን ብቻሽን አንሥተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔ ሰባት፤ የእኔ ትንሽ እንስራ ነበረች። መጀመሪያ እኔን ታሸክመኛለች። ከዚያ የራሷን የሚያሸክማት ሰው እስኪያልፍ ድረስ እዚያ ትቆማለች። እኔ ሳልጠብቃት እሄድ ነበር። እሷን ማን ያሸክማት እንደነበር እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም። አጎንብሼ ዳገቱን ወጣሁ። ልጅቱ ትንሿን ጀሪካኗን አቅፋ ከኋላችን ቆማ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደሰማች አላወቅሁም።

ያ ሳምንት ለእኔ ከባድ ነበር። አጎቷ በየቀኑ አመሻሹ ላይ እየመጣ ዘፈኑን ያስጠናታል። ከጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። «አፍሽን ክፈቺ፣ አሁንም ክፈቺ! ርቦሻል እኮ!» ይላታል፤ ትስቃለች። እኔ አስለቅሻት ነበር፤ እሱ ያስቃታል። እኔ የትንፋሽ ቦታ አሳይቻት ነበር፤ እሱ ቃሉን ከነትርጉሙ ሰጣት። የሚያውቀውን ነው የሚያስተምራት፤ እኔ ግን የማላውቀውን ነበር ያስተማርኳት። በዚህ ቀናሁበት።

በምሳ ሰዓት ሱቁ ጭር ሲል «የንብ ማነብ ሥልጠና»ን ከፈትኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ጥፋት ፍለጋ ነው የተቀመጥኩት። ጥፋት አላጣሁም። የሥዕሉ ተራራ ሐምራዊ ነበር፤ የዚህኛው ዝናብ የመታው ጭቃ ይመስላል። የሥዕሉ ንጉሥ ሲቆጣ እስከ ጣሪያ ይረዝም ነበር፤ ይሄኛው ሰውየው የቁመቱን ያህል ነው የሚቆጣው። ስለ ጃርቱ ልጅቱ ተናግራ ጨርሳዋለች። ሠሪዎቹ እሾህ ሲቆጥሩ ፊት ረስተዋል። የሥዕሉን ሰው ማንም ሊሞላው ይችላል፤ አፉ ባዶ ነው፤ የፈለግሽውን ታጎርሺዋለሽ። እውነተኛ ፊት ግን ሞልቶ ነው የሚመጣው። ይሄን ሁሉ በፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። የሚያነበው ባገኝ ለሱቃችን ወጣቶች ክርክር የሚበቃ ነበር።

ከዚያ ያቺ እናት መጣች። ዳቦውን ስትገለብጥ ጣቷን አቃጠላትና እንደ ማንም ሴት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ሥዕሉ ውስጥ ይሄ የለም። ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜም አየሁት። ይህን ሥዕል አያደርገውም አልኩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። እኅቴ ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፤ አጎቷ ከፊት ተቀምጦ ሊቀርጽ ስልኩን ደግኗል። እኔ ከኋላ፣ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ላለመምጣት አስቤ ነበር፤ ስታበላሸው ማየት ፈልጌ ነው የመጣሁት። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

ልጅቱ ወጣች። ማይኩ ለቁመቷ እስኪስተካከል ጠበቀች። አጎቷ ከፊት ሆኖ በአፉ ቅርጽ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቃል አስታወሳት። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፦

እንስራዬ ሞልቷል ሰውም አልጠራሁም፣
ግማሹን ጠጣሁት አሁንማ አይከብድም።

ከዚያ ከኋላዬ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ ይቺ ብልጥ! ግማሹን ጠጣችው!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ፤ ጭብጨባ ሆነ። እኅቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከኋላ ሆኜ አልለየሁትም። አጎቷ ስልኩን እንደ ደገነ ቀርቷል።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ቤቱ አይመታም ብዬ ነው። «ሁም» እና «ድም»፤ አንካሳ ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት የእኔ ናቸው፣ ሰረቀችኝ አልኩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ምንጭ ስመላለስባት፣ እንስራው እስከ አፉ ሞልቶ ሲፈስ እያየሁ፣ ከውስጡ ሰው ሊጠጣለት እንደሚችል አንድ ቀን ትዝ እንዳላለኝ አሰብኩ። እኔ የጻፍኩት አሸካሚ የምትጠብቅ ልጅ ነው። እሷ ያንኑ እንስራ ወስዳ አቀለለችው። በዚያች አጭር ሰዓት ውስጥ እኔ የሥዕሉ ፊልም ሆንኩ፤ እሷ በሰው የተሠራው። የሰዉ ከሥዕሉ ያንሳል ማለት ግን አልቻልኩም። በአጎቷ ስቀና ቅናቱ የማውቀው ዓይነት ነበር። ይሄኛው አዲስ ነው። ከአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አንድ ስንኝ ተመኘሁ።

ከሕዝቡ መሐል ተሽሎክልካ ወደ ዛፉ መጣች።

«አክስቴ፣ የቱ ይበልጣል?»

«የእኔ ቤቱ ይመታል» አልኳት።

«ቤቱን አልጠየቅሁሽም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለልጅ የሚባለውን እላት ነበር፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ውበት አለው። እያየችኝ ነው፤ የእናቷ ዓይን ነው ያላት፤ ዝም ብሎ አይለቅም።

«ያንቺ» አልኳት።

«ቀናሽ እንዴ?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የሚገባት ነገር እንደተሰጣት። ከዚያ ከካልሲዋ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። መምህሯ ግጥሙን ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው ትፈልጋለች፤ የልጅቱ ጽሕፈት ደግሞ አይነበብም። «አንቺ ጻፊልኝ፤ ጽሕፈትሽ ያምራል።»

ወረቀቱን ከዛፉ ግንድ ላይ ደግፌ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አንዲት ቃል ብትቀየር ቤቱ ይመታ ነበር፤ ቃሏም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

«እንዳትነኪው» አለች ከክርኔ ሥር። «እንዳለ ጻፊው።»

እንዳለ ጻፍኩት። «ከታች የማንን ስም ላድርግ?»

«የኔን ነዋ።»

ስሟን ከሥሩ፣ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ጻፍኩት። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ መልሳ ሰጠችኝ።

«አክስቴ፣ ጎላ አድርጊው እንጂ።»